ውርጭ ጠባቂው ፈረንጅ

በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ምክንያት ከመታሰር ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ቃሉ ፕሬዲክት ይባላል። ምንም አይመስልም አይደል? እኔም ምንም አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን የትም ባነበው ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ቃሉን ስድስት ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ "ፕሬዲክት ማለት?" ስል፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ "መተንበይ!" ብሎ ቆርቆሮውን ያነቃንቅልኛል። እኔም ኮራ ብዬ ወንድሞቹን ከሥሩ እደረድራለሁ፤ ፎርካስት፣ ፎርቴል፣ ኤክስፔክት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ለአንድ ነገር ይህን ሁሉ ቃል ምን ያደርግላቸዋል?" ብትለኝ፣ "አገራቸው ዝናብ ስለሚበዛ ከቤት አይወጡም። ቁጭ ብለው ቃል ይፈለፍላሉ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በቃላቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን ያን ዕለት ደወሉ ቶሎ እንዲደወል እማፀን ነበር።

መቼም ስለ መተንበይ ካነሳን የራሴንም ልናገር። ደብረ ብርሃን ስመደብ፣ ዓመት ሳይሞላኝ አዲስ አበባ እዛወራለሁ ብዬ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነበር የተቀመጥኩት። በሁለተኛው ዓመት ካልሲ ሲቸግረኝ ፈታሁት።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዳይሬክተሩ ከክፍል አስጠሩኝ። አውራጃው አስተርጓሚ ይፈልጋል አሉኝ። ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ የአየር ጠባይ ባለሙያ አንኮበር ተቀምጦ ሁለት ሳምንት ሲመራመር ቆይቷል። የደረሰበትን ለገበሬው ሊነግር ነው። የወትሮው አስተርጓሚ ደግሞ ተስቦ ይዞት ተኝቷል።

"አንተ እንግሊዝኛ ታስተምር የለ?" አሉኝ ዳይሬክተሩ፣ ጥርጣሬያቸውን ሳይደብቁ።

"ማስተማርና ማስተርጎም እኮ..." ብዬ ልጀምር ስል፣ በሚልኩኝ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ዷ! ሲል ሰማሁ። በዚያ ዘመን ማኅተም ከተመታ በኋላ የሚነገር ነገር አልነበረም።

በማግስቱ በአውራጃው ላንድሮቨር ከጓድ ብርሃኑ ጋር ወደ አንኮበር ወጣሁ። ጓድ ብርሃኑ የአውራጃው ካድሬ ነው። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ሥልጣኑ ግን ከእኔም ከዳይሬክተሬም ይበልጣል። ሐሰት አልናገርም፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ቃል ይወዳል። ሌላው ሰው መጠጥ እንደሚወድ ነው እሱ ቃል የሚወደው። አዲስ ቃል ካገኘ ሳይጨርሰው አይነሳም።

ባለሙያውን አንኮበር ላይ አሳፍረን፣ ወደ ደጋው፣ ገበሬ ማኅበሩ ወዳለበት ተመለስን። የባለሙያው ስም ሚስተር ዲሚትሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ እንደ ገብስ ዛላ የተንጨባረረ ሰው ነው። የእንግሊዝን አገር እኔም አላየሁት፣ እሱም አላየው። እሱ እንግሊዝኛ የጀመረው ካረጀ በኋላ ነው፤ እኔ በልጅነቴ ጀምሬ እዚያው የጀመርኩበት ቆሜያለሁ። በላንድሮቨሩ የኋላ ወንበር ላይ ስናወራ፣ ልኩ ያልሆነ ልብስ ተውሶ ሰርግ እንደሄደ ሰው፣ ሁለታችንም አንዱን ቃል ስንጎትት ሌላው ሲያጥረን ነበር የደረስነው።

ስብሰባው ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያውን ገብስ ነው። ገብሱ ዛላውን አውጥቶ፣ ፍሬውን ሞልቶ፣ ወደ ቢጫነት እየሄደ፣ ግን ገና አልደረቀም። ሜዳው ዳር ላይ፣ አራት እግር ያለው ነጭ ሣጥን ቆሟል። የሚስተር ዲሚትሪ ነው። ውስጡ የሙቀት መለኪያ አለ። በየማለዳው ከአንኮበር እየመጣ ይከፍተዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ጠርቀም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ይጽፋል፤ ይሄዳል። ይህን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያደርግ አገሩ አይቶታል። ምን እንደሚያደርግ ግን የነገራቸው ሰው የለም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሚስተር ዲሚትሪ ተነሳ፤ ወረቀቱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ "አይ ፕሬዲክት ፍሮስት። ፍሮም ፍራይዴይ" አለ።

ደስ አለኝ! ሁሉንም ቃል አውቀዋለሁ። ደረቴን ነፋሁና፣

"ጓድ ባለሙያው ከዓርብ ጀምሮ ውርጭ እንደሚጥል ይተነብያሉ!" አልኩ።

የደብሩ ቄስ መምሬ ገብሬ፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሱ።

"ይተነብያሉ ነው ያልከው፣ ልጄ?"

"አዎ አባ።"

"ኢሳይያስ ተነበየ፤ ኤርምያስ ተነበየ። እንግዲህ እሳቸውም ተነበዩ።" ትንሽ አሰቡ። "ይጾማሉ?"

ምን ልበል? ጠየቅኩት። "ዱ ዩ ፋስት?" አልኩት። ፋስት በእንግሊዝኛ መጾምም ነው፣ ፈጣንም ነው። ሚስተር ዲሚትሪ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ኖሯል። በትሕትና ራሱን ነቅንቆ "ኖ፣ ኖ። ቬሪ ስሎው" አለኝ።

"አይጾሙም፣ አባ" አልኩ።

መምሬ ገብሬ "እህ" ብለው ተቀመጡ። ያቺ "እህ" አንድ ሙሉ ስብከት ነበረች።

ጓድ ብርሃኑ እጄን ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ። ፊቱ ቀልቷል። "ጓድ መምህር፣ ምን እያልክ ነው? ሳይንስ መቼ ነው ነቢይ የሆነው? አሁኑኑ ቃሉን አስተካክል!"

ተመለስኩ። "ይቅርታ ጓዶች" አልኩ፣ "ተሳስቼ ነው። ጓድ ባለሙያው የሚተነብዩ ሳይሆኑ የሚገምቱ ናቸው። የመጡት ሊገምቱ ነው።"

ይህን ከምል ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ መገመት ለእኔ ፈተና ላይ ሀ ይሁን ለ ሳታውቅ ማክበብ ማለት ነው። ለእነሱ ግን ገማች ማለት በጃንሆይ ጊዜ ሰብሉ ሳይታጨድ ማሳው ዳር ቆሞ "ይህ ይህን ያህል ይወጣዋል" እያለ ከእህላቸው የሚያስቆርጥ ሰው ነበር። ጊዜው ተለውጦ ኮታ ሲመጣም ስሙ ከአፋቸው አልወጣም። "ገማች" ሲባል ሕፃን እንኳ ዝም ይላል።

መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ሴቶች ተነሱ። ቀጥሎ መካከለኞቹ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልተናገረም። ብቻ ሜዳው እንደ ወንፊት ቀስ እያለ ፈሰሰ። ትንሽ ቆይቶ ከየቤቱ የጎተራ ክዳን ሲንኳኳ ሰማን። ከዚያ አህዮች ተጭነው፣ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ በሰልፍ ሲወርዱ አየን።

"ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለ ጓድ ብርሃኑ።

"ለውርጩ እየተዘጋጁ ይመስለኛል" አልኩ።

"ጥሩ ንቃት ነው" አለ።

የቀሩት ከግማሽ አይበልጡም። ሚስተር ዲሚትሪ ሕዝቡ የት እንደሄደ ጠየቀኝ፤ "ሻይ" አልኩት። እንግዲህ አንድ ቃል ቀርቶኛል። ኤክስፔክት። መጠበቅ። በዚህስ ምን ክፋት ይገኝበታል? ሬድዮኑ ራሱ በየቀኑ "ዝናብ ይጠበቃል" ይል የለ? ማንም ተነስቶ "ማነው የሚጠብቀው?" ብሎ አያውቅም። ለካ ሬድዮኑ ብልጥ ነው፤ ጠባቂውን አይጠራም። እኔ ጠራሁት።

"ጓዶች፣ አትሸበሩ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ጓድ ባለሙያው ገማች አይደሉም። እሳቸው ውርጭ ነው የሚጠብቁት።"

ከፊት ረድፍ አንዲት ቀጭን አሮጊት ብድግ አሉ። እማማ ዘነበች ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸውን በራሳቸው የሚያሠሩ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ የሚፈራቸው ሴት ናቸው።

"ውርጭ የሚጠብቀው እሱ ነው?"

"አዎ፣ እማማ። እሳቸው ናቸው።"

"ብቻውን?"

"ረዳት የላቸውም" አልኩ። ምነው በዚያች ሰዓት እግዜር አፌን በቆለፈልኝ!

"ወይ ጉድ!" አሉ እማማ ዘነበች፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "ለካ ውርጭ ጠባቂ አለው! እኛ ይኼን ሁሉ ዘመን ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን! እኔማ ብዬ ነበር፣ ይኼ ሰውዬ በየማለዳው ሣጥኑን እየከፈተ ምንድነው የሚያየው ብዬ ነበር! ጎንበስ ብሎ ያይና ጠርቀም! ጎንበስ ብሎ ያይና ጠርቀም! ለካ እንዳያመልጠው ኖሯል!"

የሁሉም ዓይን ወደ ነጩ ሣጥን ዞረ። አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ተነስተው ራቅ አሉ።

"አምናስ?" አሉ እማማ ዘነበች፣ ጣታቸውን ወደ ሚስተር ዲሚትሪ ቀስረው። "አምና ገብሴን ገለባ ሲያደርገው፣ ማን ለቀቀው? እንቅልፍ ወስዶት ነበር?"

"ዋት ሺ ሰይ?" አለኝ ሚስተር ዲሚትሪ።

"ላስት ይር" አልኩት፣ "ፍሮስት። ኦል ሄር ባርሊ፣ ፊኒሽ።"

ሰውየው ከልቡ አዘነ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ወደ እሳቸው ጎንበስ ብሎ "ሶሪ። ቬሪ ሶሪ" አለ። ለሶሪ ደግሞ ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

"አመነ!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

"ዚስ ይር" ጨመረ ሚስተር ዲሚትሪ፣ ወደ ሣጥኑ እያመለከተ፣ "አይ ዎች። ኤቭሪ ዴይ።"

እኔም ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣል ብዬ፣ ዎችን እንዳለች ገለበጥኳት። "ዘንድሮ በየቀኑ እጠብቀዋለሁ ይላሉ።"

ትልቅ እፎይታ ሆነ። ሽማግሌዎች ተማከሩ። ብዙም ሳይቆዩ ጥቁር፣ የሰባ ሙክት እየጎተቱ አምጥተው ገመዱን በሚስተር ዲሚትሪ እጅ ላይ አኖሩት። እሱ የሕዝቦች ወዳጅነት መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የበጉን ግንባር ሳመው። ተቀበለ። መቀበሉን ሁሉም አየ። ሊቀመንበሩ ቆሞ፣ "እንግዲህ ውርጩን ይዘውልናል። ገብሳችን በደንብ እስኪደርቅ ማንም ማጭድ አያንሳ" ብሎ አወጀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሚስተር ዲሚትሪም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ከሰዓት በኋላ ጓድ ብርሃኑ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አስቀመጠኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

"ጓድ መምህር፣ ዛሬ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በሦስት አማርኛ ተርጉመሃል። አንዱ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ወሰደው፣ አንዱ ቤቱ ወሰደው፣ አንዱ በግ አስመጣ። ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?"

አሻጥር በዚያ ዘመን ሰው የሚያሳስር ቃል ነበር። "ስህተት ነው ጓድ! እንግሊዝኛው ነው!"

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። "እንግዲያው ቃሉን ከነተመሳሳዮቹ ጻፍልኝ። እያንዳንዱ የትኛውን መደብ እንደሚወክል ጭምር።"

በሕይወቴ ብዙ ፈተና ወስጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልገጠመኝም። ፎርካስትን መንግሥታዊ አደረግኩት፣ በሬድዮ ስለሚነገር። ፎርቴልን ለጠንቋይ ሰጠሁ፣ አድኃሪ ብዬ። ፕሬዲክትን "ሳይንሳዊና ተራማጅ፣ ሆኖም አማርኛ ገና ያልተገኘለት" ብዬ ጻፍኩ። ኤክስፔክት ላይ ስደርስ ብዙ አሰብኩና "ወላዋይ ንዑስ ከበርቴ" አልኩት። ምክንያቱም ይጠብቃል እንጂ ምንም አይሠራም።

ጓድ ብርሃኑ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ዓይኑ ማብራት ጀመረ። አዲስ ቃል ያገኘበት ዓይኑ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ምንም ተንኮል ሳያስብ፣ ዕድሜ ልኬን የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"እና የአብዮቱን የመጨረሻ ድል ፕሬዲክት ነው የምናደርገው ወይስ ኤክስፔክት?"

ወገኖቼ፣ እስቲ አስቡት። ፕሬዲክት ብል፣ ላይሆንም ይችላል ማለቴ ነው። ኤክስፔክት ብል፣ አሁን የጻፍኩት ወረቀት ላይ ወላዋይ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ በሩ ተዘግቷል።

"እሱን... እሱንማ እናውቀዋለን፣ ጓድ" አልኩ።

ጠረጴዛውን መታው። "በትክክል! እናውቀዋለን!" ጻፈው። "ውርጩንስ? እናውቀዋለን?"

"እሱን ሙሉ በሙሉ አናውቀውም።"

"ስለዚህ ከማወቅ በፊት ያለ፣ ግን ከመጠበቅ የነቃ..." ተነስቶ ተንጎራደደ። "ቅድመ ውርጭ አቋም! አዎ፣ ቅድመ ውርጭ አቋም ይባላል! ነገም ከነገ ወዲያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ይወያይበታል።"

ከእስር መትረፌን ብቻ እያሰብኩ ወጣሁ። ሚስተር ዲሚትሪ ገብሱ ዳር ቆሟል። አንድ ዛላ ቆርጦ ፍሬውን በጥፍሩ ጨመቀ፤ ለስላሳ ነው። "ካት ናው፣ ሊትል ሎስ" አለኝ። ከዚያ እጁን በማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ፣ "ፍሮስት፣ ኦል ሎስ።"

ይህችን እንግሊዝኛ ያለ መዝገበ ቃላት ተረዳኋት። ሳይደርቅ የታጨደ ገብስ ትንሽ ይኮሰምናል፤ ውርጭ የመታው ግን ገለባ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ውርጩ ዓርብ ነው። ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ስብሰባ።

"ዋይ ፒፕል ኖት ካት?" አለኝ።

"ዘይ... ዘይ ኤክስፔክት ዩ" አልኩት።

"ሚ?" አለ፤ ግራ ገብቶት አየኝ። በዚያ ደጋ ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ዓመቱን የሚበላው እፊቴ ቆሞ በነፋስ ይወዛወዛል፤ የማያሳጭደው ደግሞ የእኔ ምላስ ነው። የዚያን ዕለት እራት ከአፌ አልገባም። በጉ ታርዶ ነበር፤ እሱም አልገባም።

ረቡዕ ጠዋት ጓድ ብርሃኑ ስለ ቅድመ ውርጭ አቋም ሁለት ሰዓት ተናገረ። ገበሬዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እንቅልፋቸውን ጨረሱ። ሰማዩ እንደታጠበ ጠርሙስ ጠርቷል፤ ነፋሱም ቆሟል። በመጨረሻ "አሁን ጓድ ባለሙያው ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይሰጣሉ" አለና ተቀመጠ።

ሚስተር ዲሚትሪ ተናገረ። ስለ አየር ግፊት፣ ስለ እርጥበት፣ ስለማላውቀው ሁሉ ተናገረ። ሲጨርስ ሁሉም እኔን አዩኝ። ከተናገረው አንዱንም አልያዝኩም። ማሳውን አየሁ። ተነሳሁ።

"ጓድ ባለሙያው እንዲህ ይላሉ" አልኩ። "እኔ ነቢይ አይደለሁም። ገማችም አይደለሁም። የማንንም እህል አልቆጥርም። ውርጭም አልጠብቅም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ነው። በጉን የተቀበልኩት ለእንግዳ የተሰጠ ስጦታ መስሎኝ ነው። እኔ የምላችሁ፣ ዓርብ ማለዳ ውርጭ... ውርጭ..."

ቆምኩ። ቃል አጣሁ። ሁሉንም ቃል አበላሽቼ ጨርሻለሁ።

"ውርጭ ምን?" አሉ እማማ ዘነበች።

"ውርጭ... ሊጥል ነው።"

"ሊጥል ነው?"

"ሊጥል ነው፣ እማማ።"

እማማ ዘነበች ቀስ ብለው ተነሱ። "እና ከትናንት ጀምሮ እንዲህ አትለንም? ይተነብያል፣ ይገምታል፣ ይጠብቃል... 'ሊጥል ነው' ማለት ይኼን ያህል ከብዶህ ነው? የኔ ልጅ፣ እኔም እኮ ከሰኞ ጀምሮ ሰማዩን አይቼ ሊጥል ነው ብዬ ነበር! ተይዟል ብላችሁ አስተዋችሁኝ እንጂ!" ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። "ተነሱ! ማጭድ!"

"ቆይ!" አለ ጓድ ብርሃኑ፣ ወደ እኔ ዞሮ። "ይህን ሁሉ አሁን ተናገረ?"

"ተናግሯል፣ ጓድ። ስብሰባው ማሳ ላይ ይቀጥል ነው የሚሉት።"

አየኝ። እንደዋሸሁ ያውቃል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ማታውኑ ደብረ ብርሃን እስር ቤት እንደማድር እኔም አውቃለሁ። ከጀርባው ሜዳው ባዶ እየሆነ ነው። ወደ ባዶው ሜዳ ዞረ፤ ወደ ማሳው ዞረ፤ ከዚያ ኮቱን አወለቀና እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ "ጓዶች! ቅድመ ውርጭ አቋም በተግባር!" እያለ ከኋላቸው ሮጠ።

ሁለት ቀን አጨድን። አጨድን ስል፣ እነሱ አጨዱ፤ እኔ የራሴን ሱሪ ከጉልበቴ በላይ በማጭድ ቀድጄ፣ ከዚያ በኋላ ነዶ እንድሸከም ተፈረደብኝ። ጓድ ብርሃኑ ማጨድ አይችልም፣ መዘመር ግን ይችላል፤ ዘመረ። ያስደነቀን ሚስተር ዲሚትሪ ነው። ለካ የገበሬ ልጅ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ሲገባበት ቀና አይልም። መምሬ ገብሬ ከጎኑ እያጨዱ "ባይጾምም ይሠራል" አሉ። ወደ አልዩ አምባ የወረዱት አህዮችም ተመልሰው ነዶ ሲያጓጉዙ ዋሉ፤ ምን ጭነው እንደወረዱ የጠየቃቸው የለም። ሐሙስ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከላይኛው ጥግ ካለች የመምሬ ገብሬ ማሳ በስተቀር፣ ሁሉም ተከምሮ፣ ክምሩ ሣር ለብሶ አለቀ። ለእሷ ጉልበትም ብርሃንም አልተረፈንም።

ዓርብ ማለዳ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ አገሩ ነጭ ሆኗል። የታጨደው ማሳ ቃርሚያ ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። ሰዎቹ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቆመው ያያሉ። ማንም አልጨፈረም። መምሬ ገብሬ ብቻቸውን ወደ ላይኛዋ ማሳ ወጥተው ያልታጨደውን ገብስ በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር።

ሚስተር ዲሚትሪ በነጩ መሬት ላይ እየተራመደ ወደ እኛ መጣ። ጢሙ ላይ አመዳይ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል። እኔ ደስ ብሎት ይፎክራል ብዬ ነበር፤ የተናገረው ደርሶለታል። እሱ ግን ወደ መምሬ ገብሬ ማሳ እያየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ቃል ተናገረ።

"ምን አለ?" አሉኝ እማማ ዘነበች።

በዚያች ሰዓት ስለ ቃላት አላሰብኩም። "ሌሊቱን ሙሉ፣ ምነው ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ስጸልይ አደርኩ ነው የሚለው" አልኩ።

ጓድ ብርሃኑ አጠገባችን ነበር። "ስጸልይ" የምትለዋን ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር አልነበረውም።

እማማ ዘነበች ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ቁመቱ አልደርስ ብሏቸው በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው፣ ፈረንጁ ላይ ጣል አደረጉለት።

"እኛም እንደዚያው ነው ያደርነው በለው" አሉኝ።

አልኩት።